ሳተላይት ለእጅ ስልክ፦ በክፍያ የሚታይ ቪዲዮ በደቡብ ኮርያ

በሶውል ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር የተሳፈረ ሰው፣ ከሳተላይት የሚመጣ የቴሌቪዥን ሥርጭት በእጅ ስልኩ ሊመለከት ይችላልን? ከመሬት በታች ሰማይ ስለማይታይ ነገሩ የማይሆን ይመስላል። ይሁን እንጂ ቲዩ ሚዲያ የተባለ የደቡብ ኮርያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2005 ይህንኑ አገልግሎት በወር 13 ሺህ ዎን እያስከፈለ መስጠት ጀመረ። ከሰባት ዓመት ከአራት ወር በኋላ፣ ኦገስት 31 ቀን 2012፣ አገልግሎቱ ተቋረጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የምህንድስናው ሥራ የተዋጣለት ስለ ነበር፣ የመዘጋቱ ምክንያት ሊመረመር የሚገባው ነው።

አስቀድመን ሒሳቡን እንመልከት። በወቅቱ የነበሩት ስልኮች ምስል በአብዛኛው 320 በ240፣ ማለትም 76,800 ነጥቦች ነበሩት። ለእያንዳንዱ ነጥብ በአማካይ 12 ቢት ብንመድብና በየሴኮንዱ 15 ምስሎች ብናሳይ፣ በሴኮንድ ወደ 14 ሚሊዮን ቢት መላክ ይኖርብናል። በ2003 የጸደቀው ኤች 264 የተባለው የማመቂያ ስልት፣ በዋናነት አንዱ ምስል ከሌላው የሚለይበትን ብቻ በመላክ፣ ይህን ቁጥር ወደ ግማሽ ሚሊዮን ቢት ገደማ ሊያወርደው ይችላል።

ግማሽ ሚሊዮን ቢት ለአንድ ተመልካች ከባድ ጭነት አይደለም። ነገር ግን የስልክ ማማ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የየራሱን ቅጂ ይልካል። ሃያ ሰዎች አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ቢመለከቱ፣ ያው ጨዋታ በአየር ላይ ሃያ ጊዜ ይላካል፤ ይህም በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። በ2005 የነበረ የሦስተኛው ትውልድ ማማ ደግሞ የሚሸከመው ጥቂት ሚሊዮን ቢት ብቻ ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ፊታቸውን ወደ ቀድሞው የራዲዮ መንገድ መለሱ፤ አንድ ጊዜ ተልኮ ሁሉም የሚቀበለው ሥርጭት ማለት ነው።

ለዚሁ ተግባር የታሰበውና ከአንድ የጃፓን ኩባንያ ጋር በጋራ የተያዘው ሳተላይት በማርች 2004 መጠቀ። ምሕዋሩ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር። በቤት ጣሪያ ላይ የሚተከለው ሳህን በስልክ ላይ ሊኖር ስለማይችል፣ ትልቁ አንቴና በሰማይ መሆን ነበረበት፤ ጠፈር ላይ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ፣ ስፋቱ 12 ሜትር የሆነ አንቴና ተገጠመለት። ሞገዱ ለማይደርስባቸው ቦታዎች፣ ለሕንፃዎች ጥላና ለምድር ውስጥ ባቡር መተላለፊያዎች፣ ክፍተት የሚሞሉ አነስተኛ ማሠራጫዎች በብዛት ተተከሉ። በመግቢያችን ያነሣነው ተሳፋሪ የሚቀበለው ከእነዚህ ነው።

አንድ መኪና በድልድይ ሥር ሲያልፍ ግን ሞገዱ ለቅጽበት ይቋረጣል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ፣ በዚህ ጸሐፊ ዘንድ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ከአንድ መጽሐፍ አንድ ገጽ ቢቀደድ የገጹ ጽሑፍ ፈጽሞ ይጠፋል። ነገር ግን የየገጹን ፊደላት አስቀድመን በመቶ ገጾች ላይ ብንበትናቸውስ? አንድ ገጽ ሲቀደድ ከየገጹ የሚጎድሉት ጥቂት ፊደላት ብቻ ይሆናሉ። «ኢት-ጵያ» የሚል ያገኘ አንባቢ የጎደለችውን ፊደል ለመሙላት አይቸገርም። በሥርጭቱም ቢቶቹ በበርካታ ሴኮንዶች ላይ ተበትነው ይላካሉ፤ ስልኩ ሰብስቦ በቦታቸው ይመልሳቸዋል፤ የጎደሉትንም የስሕተት ማረሚያ ኮድ ይተካቸዋል። ታዲያ ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ተመልካቹ ጣቢያ በለወጠ ቁጥር ስልኩ የተበተኑትን እስኪሰበስብ መጠበቅ ነበረበት።

ሌላው ጥያቄ ክፍያ ነው። ሞገዱ ለከፈለውም ላልከፈለውም እኩል ስለሚደርስ፣ ምስሉ ተመሥጥሮ ይላካል፤ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠውን መፍቻ ቁልፍ ማግኘት የሚችለው ግን ክፍያውን የፈጸመ ደንበኛ ስልክ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ዋናው ፈተና መጣ። ገና ዓመቱ ሳያልቅ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 2005፣ በዚያችው ከተማ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር የምድር ማሠራጫዎች የሞባይል ቴሌቪዥን ተጀመረ። ለተመልካቹ ነጻ ነበር። ሕዝቡ አዘውትሮ የሚከታተላቸው ድራማዎችና ዜናዎች የሚገኙትም በዚሁ ነበር፤ ታላላቆቹ የአገሪቱ ጣቢያዎች ፕሮግራማቸውን በሳተላይቱ በኩል ለማስተላለፍ ለረጅም ጊዜ ፈቃደኞች አልነበሩምና። ኮርያዊው ወጣት 13 ሺህ ዎን የሚከፍለው የሚወደውን ድራማ ላለማየት ሊሆን ነው! እንዲያም ሆኖ የከፈሉት ጥቂቶች አልነበሩም፤ የሳተላይቱ ደንበኞች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ማሠራጫዎቹን ሁሉ ለመሸከም ግን አልበቃም። ነጻው ተፎካካሪም ቢሆን ከማስታወቂያ ያገኘው ገቢ የተመኘውን ያህል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሒሳብ ራሱ ተለወጠ። በ2009 መጨረሻ አይፎን ደቡብ ኮርያ ገባ፤ በ2011 የአራተኛው ትውልድ አውታር ተከፈተ። ቪዲዮውን ጥቂት ሴኮንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ፣ የመሥመሩን ፍጥነት እየለኩ የምስሉን ጥራት ከፍና ዝቅ የማድረግ ስልትም ተስፋፋ። ለሃያ ተመልካቾች ሃያ ቅጂ መላክ የማይቻል መሆኑ ቀረ፤ ተመልካቹም በፈለገው ሰዓት የፈለገውን መምረጥ ቻለ። ሥርጭት ይህን ምርጫ ሊሰጠው አይችልም ነበር።

ይሁንና የቢት ወጪ አልጠፋም፤ ወደ ተመልካቹ ኪስ ተዛወረ እንጂ። በሴኮንድ ግማሽ ሚሊዮን ቢት የሚወስድ ፊልም በአንድ ሰዓት 225 ሜጋ ባይት ይፈጃል። የሳተላይቱ ደንበኛ በወሩ ክፍያ ቀኑን ሙሉ ቢመለከት ተጨማሪ ሒሳብ አልነበረበትም። ዛሬ በአገራችን እንዲህ ያለ አገልግሎት ለመገንባት የሚያስብ ተማሪ ክፍያውን በቴሌብር መቀበል ይችላል፤ ደንበኛው ግን ከአገልግሎቱ ዋጋ ሌላ ለእነዚያ 225 ሜጋ ባይቶች የሚከፍለውን ደምሮ እንደሚያስብ አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።