የአምስት ቀን ነጻነትና የሁለቱ ሶማሊያዎች ውህደት

የሶማሊያ ሪፑብሊክ እንዴት እንደ ተመሠረተች ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ «በ1960 የእንግሊዝና የኢጣሊያ ሶማሊያ ተዋሐዱ» ብለን እናልፋለን። አባባሉ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «እንዴት ተዋሐዱ?» ብሎ ቢጠይቀን መልሱ አጭር አይደለም። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለቱ ግዛቶች ሕዝብ በአመዛኙ ቋንቋውም ሃይማኖቱም አንድ ነው። አስተዳደሩ ግን ለየቅል ነበር። ሐርጌሳን ማዕከል ያደረገው ሰሜኑ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር የነበረ ሲሆን፣ የሞቃዲሾው ደቡብ ደግሞ የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ከ1950 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስም ለ10 ዓመት በኢጣሊያ ሞግዚትነት ተዳደረ። ሰሜኑ ጁን 26 ቀን 1960 ነጻ ወጣ፤ በእኛ ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ደቡቡ ጁላይ 1 ነጻ ሲወጣ በዚያው ዕለት ሁለቱ ተቀላቀሉ። የሰሜኑ 33 እና የደቡቡ 90 እንደራሴዎች ተደምረው የ123 ሰው ምክር ቤት ሆነ። ዋና ከተማውም፣ ፕሬዚዳንቱ አደን አብዱላ ዑስማንም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አብዲረሺድ ዓሊ ሸርማርኬም ከደቡብ ሆኑ።

ከሁሉ የሚያስገርመን የውሉ ነገር ነው። የሐርጌሳ ምክር ቤት ጁን 27 የራሱን የውህደት ሕግ አወጣ፤ የሞቃዲሾው ደግሞ ጁን 30 ሌላ ጽሑፍ በመርሕ ደረጃ ተቀበለ። ሁለት ሰዎች መሬት በጋራ ለማረስ ተስማምተው፣ እያንዳንዱ በየቤቱ የተለያየ ውል ጽፎ ቢቀመጥ ማለት ነው። ጉድለቱ ስለ ታወቀ በጃንዋሪ 1961 አዲስ የውህደት ሕግ ወጣና ከጁላይ 1 ቀን 1960 ጀምሮ የጸና ይሁን ተባለ።

ሕጉ ቢወጣም ቢሮዎቹ አልተዋሐዱም። የሰሜኑ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ፣ የደቡቡ በኢጣሊያንኛ ይጽፋል። ሶማልኛ በይፋ የሚጻፍበት ፊደል ያገኘው በ1972 ስለሆነ፣ አንድ ሕዝብ እርስ በርሱ ለመጻጻፍ አስተርጓሚ ፈለገ። ዳኛውም የእንግሊዝን ሕግ፣ የኢጣሊያን ሕግ፣ ሸሪዓንና የአገሩን ልማድ ማስታረቅ ነበረበት።

በጁን 1961 በሕገ መንግሥቱ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ በአገር አቀፍ ደረጃ ጸደቀ። በሰሜን ግን ብዙዎች ከምርጫው ቀሩ፤ ድምፅ ከሰጡትም የሚበልጡት ተቃወሙት። በዲሴምበር እንግሊዝ አገር የሠለጠኑ ወጣት መኮንኖች ሐርጌሳ ላይ ሰሜኑን ለመገንጠል ሞከሩ። የከለከሏቸው ራሳቸው የሰሜን ተወላጅ የሆኑ የበታች ሹማምንት ናቸው፤ ይህ ለተማሪ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በኋላም ፍርድ ቤቱ መኮንኖቹን በነጻ ለቀቃቸው።

ከዚህ ተነሥቶ ውህደቱ ከመጀመሪያው የማይሆን ነበር ማለት በእኛ አስተያየት ትክክል አይደለም። በ1960 የሰሜኑ መሪ የነበሩት መሐመድ ኢብራሂም ኢጋል በ1967 የመላው ሪፑብሊክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋልና። መንገዱን የዘጋው የ1969ኙ የወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት፣ ይልቁንም መንግሥት በ1988 ሐርጌሳን በአውሮፕላን መደብደቡ ነው። (በባንዲራው ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ኦጋዴንንም መቊጠሩና ከእኛ አገር ጋር ያስከተለው ጦርነት ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ እዚህ አልገባንበትም።)

በሜይ 1991 ሰሜኑ «ሶማሊላንድ» ብሎ ተለየ። የጠየቀው ወሰን ጁን 26 ቀን 1960 ነጻ ሲወጣ የነበረውን ነው፤ ያች የአምስት ቀን ነጻነት ከ31 ዓመት በኋላ የሕግ መከራከሪያ ሆነች። ከ1993 እስከ ሞቱበት እስከ 2002 ድረስ የሶማሊላንድ ፕሬዚዳንት የነበሩትም እነዚያው ኢጋል ናቸው።