ያለ ሽቦ ስለሚሄደው የኤሌክትሪክ ትራም

በአዲስ አበባ ከተማ በኤሌክትሪክ ባቡር የተሳፈራችሁ ሁሉ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋውን ሽቦ ሳታዩት አልቀራችሁም። ይህ ባቡር በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኃይሉን የሚያገኘው ከዚሁ ሽቦ ስለ ሆነ፥ ኃይሉ ሲቋረጥ ከነተሳፋሪው ባለበት ይቆማል። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ባቡር ያለ ሽቦ መሄድ ይችላልን? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ መልሱን በደቡብ ፈረንሳይ በባሕር ዳር ከምትገኘው ከኒስ ከተማ ያገኘዋል።

ኒስ ዘመናዊውን ትራም የከፈተችው በ2007 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። መሥመሩ የማሴናንና የጋሪባልዲን አደባባዮች ማቋረጥ ነበረበት። ሁለቱም በቆዩ ሕንጻዎች የተከበቡ የከተማይቱ ጌጦች ናቸው፤ በማሴና አደባባይም በካርኒቫል በዓል ጊዜ እጅግ ረጃጅም የሆኑ ያጌጡ ሠረገላዎች ያልፋሉ። ስለዚህ በእነዚህ አደባባዮች ላይ አንድም ሽቦ እንዳይዘረጋ ተወሰነ። ትራሙ ከአደባባዩ ሲደርስ በጣራው ላይ ያለውን ኃይል መቀበያ ክንድ ያጥፍና ከዚያው ከጣራው ላይ በተቀመጠው ባትሪ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከማዶ ሲደርስ ክንዱን ዘርግቶ ሽቦውን እንደ ገና ይይዛል፤ ባትሪውም መልሶ ይሞላል።

ግማሽ ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ምኑ ያስደንቃል? ትሉ ይሆናል። ነገሩ ያለው በባትሪው ክብደት ላይ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ዓ.ም. ኃይሉ ሲያልቅ ተመልሶ የሚሞላውን የእርሳስ ባትሪ ሠራ። በዚያው ምዕት ዓመት ማለቂያ በፓሪስ በዚህ ባትሪ የሚሄዱ ትራሞች ነበሩ፤ ነገር ግን እርሳስ ከባድ ስለ ሆነ፥ ትራሙ ከኃይሉ ከፊሉን የሚጨርሰው የገዛ ባትሪውን ለመሸከም ነበር። ስንቁ የበዛበት መንገደኛ ከመንገዱ ይልቅ ሸክሙ እንደሚያደክመው መሆኑ ነው። በዚህም የተነሣ ሽቦ አሸነፈ። የኒስ መሐንዲሶች ግን ከእርሳስ የሚቀል፥ ኒኬል የሚገባበት ባትሪ መረጡ፤ ስንቁንም ለሁለት አደባባዮች በሚበቃው ልክ ብቻ አደረጉት። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ከመኪና ጎማ በጣም ያነሰ ኃይል ስለሚፈልግም፥ ትንሹ ባትሪ ትልቁን ትራም ለመንዳት አላቃተውም።

ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ የተከፈተው ሁለተኛው መሥመር ከዚህም አልፏል። ከመንገዱ በላይ ምንም ሽቦ የለውም። ትራሙ በየጣቢያው ሲቆም፥ ሰው እስኪወርድና እስኪወጣ ባለው ሃያ ሰኮንድ ያህል ጊዜ፥ በሐዲዶቹ መካከል ከመሬት ከተቀበረ መሣሪያ ኃይሉን ይሞላል። መሣሪያው ኃይል የሚኖረው ትራሙ ከላዩ ሲቆም ብቻ ስለ ሆነ፥ እግረኛ ቢረግጠው አይጎዳም። ፍሬን ሲያዝም ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ፥ በከንቱ የሚጠፋው ኃይል ተመልሶ ይጠራቀማል።

ይሁን እንጂ ባትሪ ያረጃል፤ መለወጥም አለበት፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሽቦ የዘረጋ ከተማ ሁሉ ሽቦውን ይንቀል አንልም። እኔን ግን ከአደባባዮቹ ውበት ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ጥቅሙ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ባቡሩን እስከሚቀጥለው ጣቢያ ብቻ የምታደርስ ትንሽ ባትሪ በጣራው ላይ ብትኖር፥ ሽማግሌውና ልጅ ያዘለችው እናት ከሐዲድ መካከል ወርደው በእግራቸው ከመሄድ ይድኑ ነበር።