ያረጀች ፒካፕ የናፍጣ ሞተር ሲገባላት

አንባቢ ሆይ! ከደብረ ብርሃን ተነሥተው ወደ አንኮበር በሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ አንዲት ያረጀች ፒካፕ ብታጋጥምዎ፣ መልኳን ብቻ አይተው አይለፏት፤ ድምፅዋንም ያዳምጡ። ፋብሪካው ለቤንዚን የሠራት መኪና ዛሬ እንደ ናፍጣ መኪና እየተንኳኳች የምትሄድ እንደ ሆነ፣ አንድ መካኒክ የቀድሞውን ሞተር አውርዶ ከሌላ አውቶሞቢል የወጣ የናፍጣ ሞተር ተክሎላታል ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ባለመኪናንና መካኒክን ብቻ የሚመለከት ይመስልዎ ይሆናል። ነገር ግን ተማሪ ከሆኑ ለዕረፍት ወደ አገርዎ ሲመለሱ እንዲህ ባለች መኪና ይሳፈሩ ይሆናል፤ የመንግሥት ሠራተኛም ከሆኑ ወደ ተመደቡበት ወረዳ አልጋዎንና መጻሕፍትዎን ጭና የምታደርስዎ እርሷ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ሞተር ሲለወጥ አብሮት ምን ምን መለወጥ እንዳለበት ማወቅ ለእርስዎም ይጠቅማል፤ ይልቁንም የፍሬኗን ነገር።

ናፍጣ ለምን ተመረጠ?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየርና ቤንዚን ተቀላቅለው ይገቡና ካንዴላው በሚሰጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይቃጠላሉ። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ አያስፈልገውም። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ብቻ ነው፤ ፒስተኑ ያንን አየር አምቆ ወደ ሃያኛ እጁ ያህል ያጠበዋል፤ የታመቀውም አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚግል፣ በላዩ የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል።

ይህን ሞተር የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 በተደረገው ፈተና ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት ውስጥ ከመቶ 26 ያህሉን ወደ ሥራ ለመለወጥ ችሏል፤ በዚያ ዘመን የነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ወደዚህ ልክ አይደርሱም ነበር። የናፍጣ ሞተር ዛሬም የሚወደደው ስለዚሁ ቁጠባውና፣ ቀስ ብሎ እየዞረም ቢሆን ጭነት ለመሳብ ስለሚችል ነው። ዳገት ለሚበዛበት አገር ይህ ጠባይ ተስማሚ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የገንዘብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። ስለዚህ በእጅ ያለችውን መኪና ጠግኖ ማቆየት የሚያዋጣበት ጊዜ ሆኗል።

ልክ ሳይወሰድ አይሰፋም

የላንድሮቨርን ታሪክ ለምሳሌ እንውሰድ። ይህች የእንግሊዝ መኪና እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ ስትታይ የምትሄደው በቤንዚን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የናፍጣ ሞተር ሊገባላት በታሰበ ጊዜ ሞተሩ ሰፋ ያለ ቦታ ስለ ፈለገ፣ ፋብሪካው በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል ያለውን ርቀት በ2 ኢንች፣ ማለት በ5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስረዘመው። ፋብሪካው ራሱ ለክቶ ሻንሲ ካስረዘመ፣ የጋራዥ መካኒክ በዓይን ግምት ሊሠራ እንደማይገባው ግልጽ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ግን የላንድሮቨር የቤንዚንና የናፍጣ ሞተሮች ሁለቱም 2,286 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሆነው፣ በአሠራርም እንደ ወንድማማቾች ስለ ነበሩ አንዱን በሌላው መተካት ቀለለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዲስከቨሪ የተባለችው አውቶሞቢል 111 የፈረስ ጉልበት ያለውን ባለ ተርቦ የናፍጣ ሞተር ይዛ ወጣች፤ በልዩ ልዩ አገሮችም ያሉ መካኒኮች ይህንኑ ሞተር ወደ አሮጌ ላንድሮቨሮች አዛወሩት። ዘመድ የሆነ ሞተር ሲገኝ ሥራው ያጥራል።

ዘመድ ካልሆነ ግን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚገባ ብረት በቶርኖ ይሠራል። ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር በጥቂቱ እንኳ ካልተስተካከሉ ኩሽኔታው ቶሎ ይበላል። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ስለሚከብድ የፊቱ ባሌስትራ መጠንከር አለበት። የነዳጅ ታንኩ ይታጠባል፤ ማጣሪያና የተረፈውን ናፍጣ ወደ ታንክ የሚመልስ ቧንቧም ይገባለታል። የደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ የታወቀ ነውና፣ ብርቱ ባትሪና ሞተሪኖ፣ የሲሊንደሩንም ውስጥ አስቀድመው የሚያሞቁ ካንዴላዎች ያስፈልጋሉ።

የከፍታው ዋጋ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ተርቦ በጭሱ ግፊት እየዞረ ተጨማሪ አየር ስለሚያስገባ ጉድለቱን ይሞላል። አንዳንድ ሰው ግን ተርቦ በሌለበት ጉልበት ለማግኘት ሲል የናፍጣውን ፖምፓ ከልክ በላይ ያስከፍታል። ያን ጊዜ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ታወጣለች። ጥቁር ጭስ የብርታት ምልክት አይደለም፤ አየር አጥቶ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ገንዘብም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ፍሬን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ብዙ መኪናዎች የሾፌሩን እግር የሚረዳ የፍሬን አጋዥ አላቸው። ይህ አጋዥ የሚሠራው አየር ተመጥጦ በሚፈጠር ባዶነት ነው። የቤንዚን ሞተር፣ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሣ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ፣ በውስጡ ያለውን አየር አጥብቆ ይመጥጣል፤ አጋዡም በአንድ ቧንቧ ተያይዞ ከዚያው ይጠቀማል።

በናፍጣ ሞተር ግን እንደዚህ ያለ የአየር መዝጊያ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ስለዚህ መምጠጡም የለም። ተርቦ ካለውማ በዚያ ቦታ አየር ይገፋል እንጂ አይመጠጥም። አሮጌውን ቧንቧ እንደ ነበረ ከአዲሱ ሞተር ጋር ያያያዘ መካኒክ ፍሬኑን ያለ አጋዥ ተወው ማለት ነው። መድኃኒቱ በሞተሩ እየዞረ አየር የሚመጥጥ ልዩ ፖምፓ ማስገባት ነው።

በሜዳ መንገድ ላይ ይህ ጉድለት ላይታወቅ ይችላል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ወደ ገበያው ይመላለሱበት በነበረው ቁልቁለት ጭነት ይዘው ሲወርዱ ግን የፍሬኑ ፔዳል እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሾፌሩም በሙሉ ኃይሉ ቢረግጥ መኪናዋ በጊዜው አትቆምለትም።

ፈተናው ቀላል ስለ ሆነ እርስዎም ሊያደርጉት ይችላሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የፍሬኑን ፔዳል እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመው ይርገጡ። ከዚያም እግርዎን ሳያነሡ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ከእግርዎ በታች ጥቂት ዝቅ ካለ አጋዡ ይሠራል። አጋዥ ያላት መኪና ሆና ፔዳሉ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ግን ከመካኒክ ሳትደርስ አይሂዱባት። ሾፌሩም ቁልቁለቱን ሲጀምር አስቀድሞ ከባድ ማርሽ ማስገባት ይገባዋል፤ ሞተሩ ይያዛት፤ ፍሬኑም ከመጋል ይድናል።

ወረቀቱስ?

በሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ሞተሩ ሲለወጥ አዲሱ ቁጥርና የነዳጁ ዓይነት በመዝጋቢው መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለባቸው፤ የሞተሩም የግዥ ማስረጃ ሊጠፋ አይገባም። እንዲህ ያለችውን መኪና ለመግዛት ያሰቡ እንደ ሆነ፣ በሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ሳያስተያዩ ገንዘብዎን አይክፈሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ አንድ ሰዓት ያልተሰጠው ምርመራ የብዙ ወራት ምልልስ ያመጣል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጉዞዎ በእንዲህ ያለች ፒካፕ የሚሳፈሩ ከሆነ፣ ሾፌሩን በትሕትና «ወንድሜ፣ የፍሬኑ አጋዥ ከምን ጋር ነው የተያያዘው?» ብለው ይጠይቁት። ሥራውን የሚያውቅ ሾፌር በጥያቄዎ አይቆጣም፤ ኮፈኑን ከፍቶ ፖምፓውን ያሳይዎታል። የሚያሳይዎ ካጣ ግን ሌላ መኪና ይጠብቁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።