ግሎባል ተለዋዋጭ ራሱን በሚጠራ ፈንክሽን ውስጥ፦ በሰባት ቤት አገው ሐረግ የቀረበ ማብራሪያ

በፒኤችፒ ቋንቋ በፈንክሽን ውስጥ የሚፈጠር ተለዋዋጭ የዚያው ጥሪ ብቻ ነው። ፈንክሽኑ ራሱን መልሶ ሲጠራ አዲሱ ጥሪ የራሱን ተለዋዋጮች ይዞ ይጀምራል፤ የቀደመው ጥሪ ዋጋ አይነካም። «ግሎባል» ተብሎ የተጠቀሰ ተለዋዋጭ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። ቃሉ በውጭ ላለው ተለዋዋጭ ተጨማሪ መጠሪያ ያበጅለታል እንጂ ቅጂ አይሠራም። ስለዚህ ጥሪዎቹ ምንም ያህል ቢደራረቡ ሁሉም የሚያነቡትና የሚጽፉት በአንድ ማከማቻ ላይ ነው።

የዚህን ውጤት በትውልድ ሐረግ ማየት ይቻላል። የአዊ ሕዝብ «ሰባት ቤት አገው» ይባላል፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ መተከል፣ ቋቁራ፣ ጫራ፣ ዚገምና አዘና በትውፊት የሰባት ወንድማማቾች ቤቶች ናቸው። አባትየውን ሥር፣ ልጆቹን ቅርንጫፍ አድርገን በዛፍ መዋቅር ብናስቀምጣቸው 8 አንጓዎች እናገኛለን። እያንዳንዱን አንጓ እየጎበኘ የትውልድ ደረጃውን የሚጽፍ ፈንክሽን እናስብ። ደረጃው ከ0 የሚነሣ ግሎባል ተለዋዋጭ ሆኖ በየጥሪው መጀመሪያ 1 ቢጨመርበት፣ አባትየው 1፣ አንከሻ 2 ይሆናሉ። የአንከሻ ጥሪ ሲያበቃ ግን ዋጋው ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ባንጃ 3 ተብሎ ይጻፋል፤ በመጨረሻ የተዘረዘረው አዘና 8 ይደርሳል። ወንድማማቾቹ አባትና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ ሆነው ይወጣሉ። ፕሮግራሙ የስሕተት መልእክት ስለማያሳይ፣ ተመራማሪው የተሳሳተውን ሐረግ ሳይጠራጠር ሊቀበለው ይችላል።

ጥሪው ከማብቃቱ በፊት 1 መቀነስ ችግሩን ያቃልላል። ነገር ግን ፈንክሽኑ በመካከል ዋጋ መልሶ ቢወጣ ቅነሳው ይዘለላል። አስተማማኙ መንገድ ደረጃውን በፓራሜትር ማስተላለፍ፣ ለልጅ አንጓም ደረጃው ላይ 1 ደምሮ መላክ ነው። ያን ጊዜ ሰባቱም ቤቶች 2 ይሆናሉ።

ለቆጠራ የዋለ ግሎባል ተለዋዋጭም ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። የመጀመሪያው ቆጠራ 8 ይሰጣል፤ ዋጋው ወደ 0 ሳይመለስ ቆጠራው ቢደገም ግን 16 ይወጣል። «ስታቲክ» ተለዋዋጭም በጥሪዎች መካከል ዋጋውን ስለሚይዝ ከዚህ አያድንም። ፈንክሽኑ 1ን ከልጆቹ ድምር ጋር ደምሮ ቢመልስ ግን ሁልጊዜ 8 ይገኛል።

መለያው እንግዲህ የዋጋው ባለቤትነት ነው። ከሥር እስከ አንጓ ያለውን መንገድ የሚገልጽ ዋጋ የየጥሪው መሆን አለበት። እንደ የተጎበኙ አንጓዎች መዝገብ ያለ፣ ጥሪዎቹ ሁሉ ሊጋሩት የሚገባ ዋጋ ብቻ የጋራ ይሁን።