ያልተቀጣ ስህተት

በአሜሪካ እግር ኳስ ከኳርተርባክ የበለጠ የሚወራለት ተጫዋች የለም፤ የዚያኑ ያህል በተሳሳተ ሚዛን የሚመዘንም የለም። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ደንቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት 4 ሙከራ አለው፤ እያንዳንዱ ሙከራ የሚለየው ኳርተርባኩ ኳሱን ከተቀበለ በኋላ በሚያደርገው ነው፤ ይወረውራል፣ ለሯጭ ያቀብላል ወይም ራሱ ይዞ ይሮጣል። የወረወረውን ባላጋራ ከቀለበው ኳሱ ተነጠቀ፣ ተራውም ሄደ ማለት ነው። ገና ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ይህን ቦታ ሲይዝ ብዙው ተመልካች፣ ብዙው የስፖርት ዘጋቢም ጭምር፣ የሚፈርድበት በአንድ ቁጥር ነው፦ ስንት ኳስ ተነጠቀበት? ጥቂት ከሆነ በሳል ይባላል፤ ብዙ ከሆነ ጥሬ ነው። እኔ ይህ ፍርድ የተገለበጠ ነው ባይ ነኝ። የተነጠቀ ኳስ እዚያው በአደባባይ ስለሚቀጣ ለመታረም ከስህተቶች ሁሉ የቀለለው ነው። ጀማሪውን የሚጥለው ያልተቀጣው፣ እንዲያውም ያስጨበጨበለት ስህተት ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንዲት ሙከራን ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል። ቆጠራው ከ40 ሰከንድ ይጀምራል። አሠልጣኙ በልጁ የራስ ቁር ውስጥ በተገጠመች ሬዲዮ የሚጫወቱትን ቅንብር ይነግረዋል፤ ቆጠራው 15 ሲደርስ ሬዲዮው ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ብቻውን ነው። ቅንብሩ ለ10ሩ ጓደኞቹ መድረሱን፣ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን መያዛቸውን ያረጋግጥና ዓይኑን ወደ ባላጋራ ያዞራል። ከሁሉም ኋላ የቆመው ተከላካይ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ከፊት የተደረደሩት ሁሉም ሊመጡበት ነው ወይስ ግማሾቹ አስመስለው ሊያፈገፍጉ? ኳሱ እጁ ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሰከንድ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት፣ አምስት ግዙፍ ጓደኞቹ ዙሪያውን አጥረው በሚሠሩለት ፖኬት በሚባለው ጠባብ ከለላ ውስጥ ሆኖ፣ የመጀመሪያውን ተቀባይ፣ ካልሆነ ሁለተኛውን፣ ካልሆነ ሦስተኛውን በተራ ማየት አለበት። እግሩ የሚፈጥን ጀማሪ የመጀመሪያው ተቀባይ እንደተያዘ ሲያይ ሁለተኛውን ሳይመለከት ሾልኮ ይሮጣል። 8 ያርድ ያገኛል፤ ሕዝቡ ብድግ ይላል፤ በሰንጠረዡም ጥሩ ሩጫ ተብሎ ይመዘገባል። ሁለተኛው ተቀባይ ግን 20 ያርድ ርቆ ማንም ሳይጠብቀው እጁን አንሥቶ ነበር። ይህች ስህተት በየትኛውም ዓምድ አትገባም። ቀይ መብራት ጥሶ በደህና ያለፈ ሾፌር ነገም እንደሚጥሰው ሁሉ፣ ልጁም በሚቀጥለው ሳምንት ይደግማታል።

ማስረጃውን ከሁለቱ ጽንፎች እንውሰድ፤ ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፔይተን ማኒንግ በ1998 ለኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ሲጀምር 28 ኳስ ተነጠቀበት። ይህ በሊጉ የጀማሪዎች ክብረ ወሰን ነው፤ ቡድኑም ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው 3ቱን ብቻ ነበር። በሰንጠረዥ ለሚፈርድ ሰው ከዚህ የከፋ ጅምር የለም። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ማኒንግ ኳሱን እንደያዘ በባላጋራ የተጣለው 22 ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ለጀማሪ እጅግ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ልጁ ከፖኬቱ እንዳልሸሸ፣ በሰዓቱ እንደወሰነ፣ በሰዓቱም እንደወረወረ ይናገራል። የተሳሳተው ምርጫውን እንጂ አሠራሩን አልነበረም፤ የምርጫ ስህተት ደግሞ በማግስቱ በፊልም ላይ ቆሞ ይታያል፦ እዚህ ያለውን ተከላካይ አላየኸውም፣ አበቃ። በ1999 ያው ልጅ፣ በዚያው ቡድን፣ 13 አሸንፎ 3 ተሸነፈ፤ የተነጠቀበትም ወደ 15 ወረደ። ሌላው ጽንፍ ሮበርት ግሪፊን ነው። በ2012 ለዋሽንግተን ሲሰለፍ የተነጠቀበት 5 ኳስ ብቻ ሲሆን፣ 20 ታችዳውን (ኳሱ የጎሉን መስመር ሲያልፍ የሚመዘገብ ነጥብ) ወርውሯል፣ በእግሩም 815 ያርድ ሮጧል። ቡድኑ ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምድቡ አሸናፊ ሆነ፤ እሱም የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ። በቁጥር ሚዛን ግሪፊን በሳሉ፣ ማኒንግ ጥሬው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

እዚህ ላይ ብዙው ተመልካች የሚንቀውን አንድ ጥበብ ማንሣት ግድ ይላል፤ እሱም መንሸራተት ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ኳርተርባክ እግሩን ቀድሞ ወደ መሬት ከተንሸራተተ ጨዋታው እዚያው ይቆማል፤ ኳሱ የሚቀመጠውም መንሸራተት በጀመረበት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመታው ተከላካይ ቅጣት አለበት። ዋጋው አንድ ወይም ሁለት ያርድ ነው፤ ትርፉ ሙሉ አካል ነው። ጥበቃው ይህን ያህል የተሟላ ነው፤ ሆኖም ብዙ ጀማሪዎች አይጠቀሙበትም፤ ተመልካቹም የተንሸራተተውን ፈሪ፣ ተጋፍቶ የወደቀውን ጀግና ይላል። ይህ አነጋገር ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ልጆቹ ይሰሙታልና። ግሪፊን በጥቅምት 2012 ከአትላንታ ጋር ሲጫወት በጎሉ መስመር አጠገብ አልንሸራተት ብሎ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሜዳ ወጣ። ስህተቱ ተቀጣ፤ ትምህርቱ እዚያ ነበር። በሳምንቱ ግን ከሚኔሶታ ጋር 76 ያርድ ሮጦ ታችዳውን አስቆጠረ፤ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። የአትላንታውን ትምህርት ያጠፋው ይህ ሩጫ ነው ብዬ አምናለሁ። በታኅሣሥ ከባልቲሞር ጋር እየሮጠ ጉልበቱ ተመታ፤ በጥር 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ እያነከሰ ቆይቶ በመጨረሻ ጅማቱ ተበጠሰ። በተከታዩ ዓመት ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ከእነዚያ 5 የተነጠቁ ኳሶች አንዱም ለዚህ ተጠያቂ አይደለም።

ጄይደን ዳንኤልስ በ2024 ወደዚሁ ቡድን ሲመጣ ይህ ታሪክ አብሮት ነበር። ቡድኑ አሁን ኮማንደርስ ይባላል፤ ሜዳው ሜሪላንድ ላንዶቨር ነው፤ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ላደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም የሰፈራቸው ቡድን ነው። ያለፈውን ዓመት 4 አሸንፎ 13 ተሸንፎ የጨረሰ ቡድን ተረክቦ 12 አሸንፎ 5 እንዲሸነፍ አደረገ። ከወረወራቸው ኳሶች 69 በመቶ ተቀባይ አገኙ፤ የጀማሪዎች ክብረ ወሰን ነው። 25 ታችዳውን ወረወረ፣ 9 ኳስ ተነጠቀበት፣ 891 ያርድ ሮጦም የግሪፊንን 815 ሰበረ። እነዚህ ቁጥሮች ያማሩ ናቸው፤ የእኔ ትኩረት ግን የመጀመሪያዋና ሦስተኛዋ ጨዋታ ላይ ነው። በመጀመሪያዋ፣ ከታምፓ ቤይ ጋር፣ 16 ጊዜ ሮጦ 2 ታችዳውን አስቆጠረ፤ አንድም ኳስ አልተነጠቀበትም። ቡድኑ ግን 37 ለ 20 ተሸነፈ። በዓመቱ በጠቅላላው ከ17 ጨዋታ የሮጠው 148 ጊዜ ነው፤ በአማካይ ወደ 9 ይጠጋል። የመጀመሪያው ቀን ምን ያህል ከልኩ ያለፈ እንደነበር ከዚህ ይታያል። በሦስተኛው ሳምንት ከሲንሲናቲ ጋር ከ23 ውርወራ 21ዱ ተቀባይ አገኙ። በመጨረሻ 2 ደቂቃ ገደማ ሲቀር፣ በሦስተኛ ሙከራ 7 ያርድ ሲያስፈልግ፣ ባላጋራ ከኋላ ማንንም ሳያስቀር ያለ የሌለውን ሰው ላከበት። ከሁለት ሳምንት በፊት የነበረው ልጅ ቢሆን ይሮጥ ነበር። ዳንኤልስ ግን ቆሞ ወረወረ፤ ኳሱ 27 ያርድ ተጉዞ ተቀባዩ ቴሪ ማክሎሪን እጅ ሲገባ እሱ ተመትቶ መሬት ላይ ነበር። ጨዋታው 38 ለ 33 በድል አለቀ። እንዲህ ቆሞ መመታት ከመንሸራተት ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። ለውርወራ ሲባል የሚከፈል ምት ሥራው ነው፤ ለሁለት ተጨማሪ ያርድ የሚከፈል ምት ብክነት ነው። ሁለቱን መለየት የጀመረ ጀማሪ ተምሯል ማለት ይቻላል።

ትምህርቱ ግን እኩል አልሄደም። በጥቅምት 20 ከካሮላይና ጋር ገና በመጀመሪያው የማጥቃት ተራ 46 ያርድ ሮጦ የጎድን አጥንቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ወጣ። ሳምንት ቆይቶ ከቺካጎ ጋር፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከ12 ሰከንድ በላይ ከአሳዳጆቹ እየሸሸ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ወደ ጎሉ የጣላት ኳስ በሌሎች እጅ ተነክታ የቡድን ጓደኛው ኖዋ ብራውን እጅ ገባች። 18 ለ 15። ዓመቱን ሙሉ የተደጋገመው ምስል ይህ ነው። ውበቱን አልክድም፤ ነገር ግን ከዚያች ጨዋታ ኳርተርባክ የሚማረው አንዳች ነገር የለም። ደጋፊው በፍቅር ቢያስታውሳት መብቱ ነው፤ ተንታኝ ነኝ ባይ የብስለት ማስረጃ አድርጎ ሲያቀርባት ግን ለልጁም ለጨዋታውም ደግ አይሠራም። ምትና ድል በአንድ ሳምንት ልዩነት ተከታትለው መምጣታቸው የግሪፊንን ጥቅምት ያስታውሰኛል።

ለዚህ ሙግት የሚቀርቡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱ ከባድ ናቸው። አንደኛው፦ ዳንኤልስ ከመጀመሪያውም ጀማሪ አልነበረም ይላል። እውነት አለበት። በአሪዞና ስቴትና በኤልኤስዩ በጠቅላላው 55 የኮሌጅ ጨዋታ ጀምሯል፤ የመጨረሻውን ዓመት በ40 ታችዳውንና በ4 የተነጠቁ ኳሶች ጨርሶ ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሀይዝማን ዋንጫ ወስዷል። ፍጥነቱ ከእውነተኛው ጨዋታ በላይ በሚደረግ ምናባዊ የእይታ መሣሪያም የተከላካዮችን አሰላለፍ ማንበብ ተለማምዷል። ስለዚህ ማንበቡ ቀድሞ የመጣ ነው። ግን ልብ በሉ፤ መሣሪያው ዓይንን ያሠለጥናል እንጂ አይመታም። ልጁ በሊጉ ፈጥኖ ያሳየው መሣሪያው የሚያስተምረውን ነው፤ የዘገየውም መሣሪያው የማያስተምረውን ነው። ተቃውሞው ሙግቴን ያጠናክረዋል። ሁለተኛው ተቃውሞ፦ እንግዲያው ጀማሪን አንድ ዓመት አስቀምጡት ይላል። ፓትሪክ ማሆምስ 2017ን ከአንጋፋው ከአሌክስ ስሚዝ ኋላ ተቀምጦ አንድ ጨዋታ ብቻ ጀመረ፤ በ2018 ግን 50 ታችዳውን ወርውሮ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ይህን ምሳሌ ማንም ሊያጣጥለው አይችልም። መቀመጥ የሚጠቅመው ግን ልጁ በየቀኑ የሚያየው ጥሩ አንጋፋና አስተማሪ አሠልጣኝ ሲኖሩት ነው፤ የራሱን ያልተቀጣ ስህተት ለማግኘትም የግድ መጫወት አለበት። ወንበር ላይ ያለ ሰው ሩጫው አያሞግሰውም፣ አያታልለውም፤ ስለዚህ አይፈተንም።

ባላጋራም እንደሚማር መርሳት የለብንም። ሲጄ ስትራውድ በ2023 ለሂውስተን ሲጀምር 4,108 ያርድ ወርውሮ የተነጠቀበት 5 ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት 12 ተነጠቀበት፤ 52 ጊዜም ኳሱን እንደያዘ ተጣለ። ከፊቱ የቆሙት ጠባቂዎች መድከም ድርሻ አለው፤ ሆኖም ተከላካይ አሠልጣኞች ክረምቱን ሙሉ ፊልሙን ሲያጠኑ የሚፈልጉት የተነጠቁትን 5 ኳሶች አይደለም። የሚፈልጉት ሊነጠቁ ሲችሉ ያልተነጠቁትን፣ ዘግይቶ ወርውሮ የተሳካለትን፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይቶ ያመለጠበትን ነው። ጀማሪው ራሱ ያላየውን ስህተት ቀድሞ የሚያየው ባላጋራ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ የኳርተርባክ አሠልጣኝ በድል ማግስት ከሽንፈት ማግስት ይልቅ ጥብቅ መሆን አለበት።

ዳንኤልስ ሁለተኛውን ዓመት በጉዳት አሳለፈ። በጉልበቱ፣ ቀጥሎም በጭኑ ጅማት ላይ ጉዳት ደረሰበት። በኅዳር 2 ቀን 2025 ደግሞ፣ ቡድኑ በሲያትል 38 ለ 7 እየተመራ፣ በአራተኛው ሩብ ሰዓት የግራ ክርኑ ወለቀ። ጨዋታው አልቆ ነበር፤ የሚገኝ አንዳች ነገር አልነበረም። ዋና አሠልጣኙ ዳን ኩዊን እስከዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ማቆየቱ የራሱ ጥፋት መሆኑን በይፋ ተናገረ። ይህን ማለቱ ያስከብረዋል። በ2013 ግሪፊንን እያነከሰ ሜዳ ላይ ያቆየው የአሠልጣኝ ክፍልም የዚያው ከተማ፣ የዚያው ቡድን ነበር። ከእንግዲህ በዳንኤልስ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ኳስ ተነጠቀበት አይደለም። መጠየቅ ያለበት በሦስተኛ ሙከራ ሲሮጥ መቼ እንደሚንሸራተት፣ ያለቀ ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ማን ከሜዳ እንደሚያወጣው ነው፤ ለሁለተኛው መልስ የሚሰጠው ኩዊን ነው።