ጉፒን በቤት መርጦ ማራባት

ጉፒ ከትሪኒዳድና ከደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ ወንዞች ወጥቶ በዓለም ዙሪያ በመስታወት ገንዳ መኖር የለመደ ትንሽ ዓሣ ነው። የዱሩ ወንድ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ጎኑ በብርቱካናማ፣ በጥቁርና በሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ነው። ሴቷ በአካል ትበልጠዋለች፤ በቀለም ግን አትወዳደረውም፣ ደብዛዛ ግራጫ ናት። ገዢ ሁሉ ዓይኑን ወንዱ ላይ የሚጥለው ለዚህ ነው። ዘር መርጦ ለማራባት የተነሣ ሰው ግን ወንዱን ብቻ አይቶ ከመረጠ ሥራውን በግማሽ ትቶታል። ከሚወለዱት ጫጩቶች ውርስ ግማሹ የሚመጣው ከዚያች ግራጫ እናት ነው፤ እርሷ የያዘችው ደግሞ በዓይን አይታይም።

ዓሣው ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በትሪኒዳድ ይኖር ከነበረው ከሮበርት ጆን ሌችመር ጉፒ ነው። ሰውዬው ወደ ለንደን፣ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የላካቸውን ዓሦች አልበርት ጉንተር እ.ኤ.አ. በ1866 በላኪው ስም ሰየማቸው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ፔተርስ ግን ከቬኔዙዌላ የመጣውን ይህንኑ ዓሣ በ1859 ቀድሞ መዝግቦት ነበርና በሳይንስ መዝገብ የጸናው የእርሱ ስያሜ፣ ፖኢሲሊያ ሬቲኩላታ፣ ነው።

የምትወልድ ዓሣ

አብዛኞቹ ዓሦች እንቁላል ይጥላሉ፤ ጉፒ ግን ትወልዳለች። ወንዱ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ከሆዱ በታች ያለው የኋላ ክንፉ ቀጥኖና ሾሎ ዘሩን ወደ ሴቷ አካል የሚያስገባበት ብልት ይሆናል። ሴቷ አራት ሳምንት ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ጫጩት ትወልዳለች። ጫጩቶቹ ከተወለዱባት ደቂቃ ጀምሮ ይዋኛሉ፤ መሸሸጊያ ካላገኙም እናታቸው ራሷ ትበላቸዋለች። ስለዚህ አርቢው በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቅጠል ወይም ችምችም ያለ የውሃ ተክል ያኖርላቸዋል።

ለመራጩ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ሌላ ጠባይዋ ነው። ሴቷ የተቀበለችውን የወንድ ዘር በአካሏ ውስጥ ለወራት ማቆየት ትችላለች፤ አንድ ጊዜ ከወንድ ጋር ከተገናኘች ሌላ ወንድ ሳታይ ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች። ወንድና ሴት ተቀላቅለው ከሚኖሩበት የሱቅ ገንዳ የተገዛች ሴት አጠገብ የፈለጉትን ያህል የሚያምር ወንድ ቢያኖሩ፣ የሚወለዱት የማን ልጆች እንደሆኑ አይታወቅም። ምርጫ የሚጀመረው ወንድ ባልነካት ወጣት ሴት ነው። ከራስዎ ጫጩቶች መካከል እንዲህ ያለችውን ለማግኘት ከሦስተኛውና ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ጾታቸውን መለየት ያስፈልጋል፤ የኋላ ክንፉ መሾል የጀመረው ወንድ ነው፤ ክንፏ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የቀረውና ከሆዷ ጫፍ ጥቁር ጥላ የሚታይባት ሴት ናት። ወዲያው በየገንዳቸው ይለያሉ። አንድ ወንድ በቸልታ ከሴቶቹ ጋር ከቀረ የወራት ሥራ ይበላሻል።

ቀለም በማን በኩል ይወረሳል?

ጉፒ 23 ጥንድ ክሮሞዞም አለው። እንደ ሰው ሁሉ ወንዱ ኤክስና ዋይ፣ ሴቷ ሁለት ኤክስ ይይዛሉ። ዴንማርካዊው ዮሐንስ ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጥናት፣ በጀርባ ክንፉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ወንድ ነጥቡን ለወንዶች ልጆቹ እንደሚያወርስ፣ በሴቶች ልጆቹ በኩል ግን ነጥቡ እንደማይተላለፍ አሳየ። የአገሩ ልጅ ኦይቪንድ ቪንጌ ሥራውን ገፍቶበት፣ ከቀለሞቹ አንዳንዶቹ በዋይ፣ አንዳንዶቹ በኤክስ ላይ እንደሚጓዙ፣ አልፎ አልፎም ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሻገሩ መዘገበ። የኤንድለር ጉፒ የሚባለው የቅርብ ዘመድ ሳይንሳዊ ስሙ ፖኢሲሊያ ዊንጌኢ የሆነው ለእርሱ መታሰቢያ ነው።

ይህ ለቤት አርቢ ምን ይጠቅመዋል? በዋይ ላይ ያለ ቀለም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በቀጥታ ስለሚያልፍ በቀላሉ ይጠበቃል። ሴቷ የቀለም ዘረ መል በኤክሷና በሌሎቹ ክሮሞዞሞቿ ላይ ብትይዝም የወንድ ሆርሞን ስለሌላት አብዛኛው አይታይባትም። ምን እንደያዘች የሚመሰክሩት ወንዶች ልጆቿ ናቸው። ስለዚህ ብልህ አርቢ እኅትማማቾቹን አንድ ላይ አያዋልድም፤ እያንዳንዷን በየገንዳዋ ያስወልድና የየትኛዋ ወንዶች ልጆች እንዳማሩ ያወዳድራል። አዲስ ደም ማስገባት ሲፈልግም ከዚያው ዝርያ ሴት ያመጣል፤ አዲስ ወንድ ካመጣ የድሮው ዋይ ከነቀለሙ ከዘሩ ይወጣልና።

አልቢኖነት ደግሞ የሚወረሰው በሌላ መንገድ ነው፤ ከሁለቱም ወላጆች ካልመጣ አይታይም። አልቢኖ ወንድ ከተለመደች ሴት ጋር ቢራባ ልጆቹ ሁሉ የተለመዱ ይመስላሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ወንድሞቹና እኅቶቹ እርስ በርሳቸው ቢራቡ ግን ከ40 ጫጩት ወደ 10 ያህሉ አልቢኖ ሆነው ይወለዳሉ። ሁለት የተለያዩ ውብ ዝርያዎችን ማዳቀልም እንዲሁ ያሳስታል፤ የመጀመሪያው ትውልድ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ወላጆች ያነሰ ሆኖ ይገኛል።

ገንዳው፣ ውሃው፣ ምግቡ

አንድ ገንዳ ለማራባት እንጂ ለመምረጥ አይበቃም። ቢያንስ ለወላጆች፣ ለጫጩቶች፣ ለወጣት ወንዶችና ለወጣት ሴቶች የተለያዩ ገንዳዎች ያስፈልጋሉ። ጉፒ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ፣ ማዕድን የማያንሰው ውሃ ይወዳል። እንደ አዲስ አበባ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝ ከተማ መቆጣጠሪያ ያለው ማሞቂያ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ፊልተሩም ስለሚቆሙ ገንዳውን በዓሣ አለማጨናነቅና በብርድ ልብስ መሸፈን ብዙ ያተርፋል። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውሃ በክፍት ባልዲ ማደር አለበት።

አዲስ ገንዳ ውሃው ቢጠራም ገና አልተዘጋጀም። ዓሦቹ የሚያወጡትን መርዛም አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በፊልተሩ ውስጥ እስኪሰፍሩ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን መቀየር ይበቃል። ለጫጩት ትንሽ ትንሽ ምግብ በቀን ደጋግሞ መስጠት ይበጃል፤ ከተፈለፈለ ጥቂት ሰዓታት የሆነው አርቴሚያ የሚባለው ጥቃቅን የጨው ውሃ ፍጥረት ተመራጭ ነው። እንቁላሉ በሞቀ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል።

ማን ይቅር፣ ማን ይውጣ?

ገበሬ ለዘር የሚሆነውን ከማሳው መርጦ እንደሚያስቀር ሁሉ የጉፒ አርቢም ከብዙ ጫጩት ጥቂቱን ብቻ ያስቀራል። መጀመሪያ የሚታየው ጤና ነው፦ የቀና ጀርባ፣ ደንዳና የጅራት ሥር፣ ፈጣን ዋና። ቀጥሎ የክንፍ ቅርጽ፣ በመጨረሻ ቀለም ይመጣል። ጅራቱ ከሚገባው በላይ የገዘፈ ወንድ ለዓይን ቢያምርም ለመዋኘትና ሴት ለመከተል ይቸገራል። ቀድሞ የደመቀውን ወንድ ወዲያው መምረጥም አይገባም፤ ክንፉ ተዘርግቶ እስኪጨርስ ወራት ይወስዳል።

ወንድምና እኅትን ማራባት ባሕርይን ቶሎ ያጸናል፤ ትውልድ ሲደጋገም ግን የሚወለዱት ቁጥር ይቀንሳል፣ አካላቸው ያንሳል፣ የጎበጡም ይበዛሉ። ይህን ለማስወገድ ልማዱ ከአንድ ዘር ሁለት መስመር አውጥቶ ለየብቻ ማራባትና ከጥቂት ትውልድ በኋላ የአንዱን ወንድ ከሌላው ሴት ጋር ማገናኘት ነው። ማን ከማን፣ መቼ ተወለደ የሚለው በደብተር ካልሰፈረ ግን መስመሮቹ ይምታታሉ።

እንዲህ ያለ ምርጫ በተፈጥሮም የሚሆን ነው። ጆን ኤንድለር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት፣ አደገኛ አዳኝ ዓሣ ካለበት ኩሬ ውስጥ የወንዶቹ ነጠብጣብ በጥቂት ትውልድ እያነሰ፣ አዳኙ ከሌለበት ደግሞ እየበዛ እንደሚሄድ አሳይቷል። ዴቪድ ሬዝኒክና ባልደረቦቹ በትሪኒዳድ ጉፒዎችን አዳኝ ከበዛበት ወንዝ ወደ ረጋ ጅረት አዛውረው ከዓመታት በኋላ ሲያዩአቸው ዘግይተው የሚደርሱ፣ ጥቂት ነገር ግን ተለቅ ያሉ ልጆች የሚወልዱ ሆነው አገኟቸው። በቤት ገንዳ አዳኝ የለም፤ በእርሱ ቦታ ያለው የአርቢው እጅ ነው። የማይመርጥ አርቢ ገንዳ፣ ዘሩ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ወደ ዱሩ መልክ ይመለሳል።

ለመራባት ያልተመረጡት ከሌሎቹ ተለይተው በአንድ ገንዳ ይኑሩ፣ ለጎረቤት ልጆች ይሰጡ፣ ይሸጡ። ወደ ወንዝ፣ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ሐይቅ ግን ፈጽሞ አይጣሉ። ጉፒ ወባን ይከላከላል ተብሎ በብዙ አገሮች ከተለቀቀ በኋላ የአገሬውን ዓሦች የተሻማባቸው ውሃዎች አሉ። የእኛ ጣና ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው። አንዲት ያረገዘች ሴት ብቻዋን አዲስ መንጋ ልትመሠርት እንደምትችል የሚያውቅ አርቢ ገንዳውን ሲያጥብ እንኳ ውሃውን የሚያፈስበትን ቦታ ያስተውል።