የሱፐርማርኬቱ "ቤክድ ቢንስ" እህል በረንዳ በኪሎ ይሸጣል፤ እቤት እንዴት እንሥራው?

#መርካቶ #ቦሎቄ

ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። አንዱ ጣሳ ይከፍታል፣ በቀይ ስጎ የተዘፈቀ ፍሬ መጋገሪያ ላይ ይገለብጣል፣ ኦቨን ውስጥ ይከተዋል፣ አለቀ። "ቤክድ ቢንስ" ይሉታል። ጣሳውን ፍለጋ ሱፐርማርኬት የገባ ሰው ግን ዋጋውን አይቶ መልሶ ያስቀምጠዋል።

አንዳንድ ቪዲዮ ላይ "የተጋገረ ባቄላ" ተብሎ ስለሚተረጎም ባቄላ ገዝተው የሞከሩም አሉ። ባቄላ አይደለም። ጣሳው ውስጥ ያለው ነጭ ቦሎቄ ነው፤ አንዳንድ ቤት አደንጓሬ የሚባለው። መርካቶ እህል በረንዳ በኪሎ ይሸጣል።

🔹 ፍሬው የኛው ነው

ነጭ ቦሎቄ በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይ አዳማ ዙሪያና በምሥራቅ ሸዋ በብዛት ይመረታል። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው "አዋሽ 1" የሚባለው ዝርያ ለጣሳ ፋብሪካዎች የሚስማማ ትንሽና ክብ ነጭ ፍሬ ነው። ከምርቱ ብዙው ለውጭ ገበያ ይላካል፤ ከገዢዎቹ መካከል ቤክድ ቢንስ የሚያሽጉ የአውሮፓ ፋብሪካዎች አሉበት። ስለዚህ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ያለው ጣሳ ከዚሁ ሄዶ የተመለሰ ሊሆን ይችላል።

ሂሳቡን እንሥራው። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ውሃ ጠጥቶ ሲበስል ከ1 ኪሎ በላይ ይሆናል። 400 ግራም የሚመዝነው ጣሳ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ስጎ ነው። ማለትም ግማሽ ኪሎ ቦሎቄ 5 ጣሳ ያህል ፍሬ ይወጣዋል፤ 6 ሰው ያጠግባል።

🔹 ስትገዙ

➡️ "የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ የቆየና ሙቀት የመታው ቦሎቄ ቀኑን ሙሉ ቢፈላ እሺ አይልም።
➡️ እፍኝ ዘግናችሁ እዩ። ክብ ቀዳዳ ካለው ነቀዝ ገብቶበታል። የተጨማደደና ቢጫ የሆነ ከበዛበት ሌላ ሱቅ ሂዱ።
➡️ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ብቻ ውሰዱ። እቤት በደንብ ከበሰለ ተመልሳችሁ በብዛት ትገዛላችሁ።

🔹 ይቺን ክፍል አትዝለሏት ⚠️

ጥሬ ቦሎቄ ውስጥ ሆድ የሚያውክ የተፈጥሮ መርዝ አለ። በቀዩ ይበዛል፣ በነጩም አለ። በደንብ ሳይበስል የበላ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ተቅማጥ ይይዘዋል።

መርዙን የሚያጠፋው ኃይለኛ ፍላት ነው። ለብ ባለ ሙቀት ቀስ እያለ ቢቆይ አይጠፋም፤ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ስለዚህ "ደረቁን ፍሬ ኦቨን ውስጥ ክተቱትና እርሱት" የሚለውን ቪዲዮ አትከተሉ። ቪዲዮው ላይ ጣሳ የሚከፍተው ሰው ፋብሪካ ያበሰለለትን ነው የሚጋግረው። እኛ ግን መጀመሪያ መቀቀል አለብን።

🔹 አሠራሩ

የሚያስፈልገው፦ ግማሽ ኪሎ ነጭ ቦሎቄ፣ 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 5 ቲማቲም፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ጨው፣ ጥቂት ጥብስ ቅጠል፣ ያደረ ዳቦ።

1️⃣ ማታ ልቀሙት፣ እጠቡት፣ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት። ጠዋት የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት።

2️⃣ በአዲስ ውሃ ጣዱት። መጀመሪያ 30 ደቂቃ በኃይለኛ እሳት ይንተክተክ፤ ከዚያ እሳቱን ቀንሱ። በተራ ድስት እስከ 2 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የውጭ ቪዲዮዎች "45 ደቂቃ" ቢሉ አትደነቁ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 100 አይደርስም። ፕሬሸር ኩከር ያለው ቤት በ30 ደቂቃ ገደማ ይገላገላል፤ ግን ከግማሽ በላይ አትሙሉት።

በሁለት ጣት ስትጫኑት ያለ ትግል ከፈረጠ በስሏል። አንድ ፍሬ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ አምስት ስድስት ሞክሩ።

3️⃣ ሽንኩርቱን በዘይት አቁሉት። በርበሬውን ከትንሽ ውሃ ጋር ጨምሩና አብስሉት፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ የተከተፈ ቲማቲምና ድልህ። ስጎው ወፈር ሲል ስኳሩንና ጨውን ጨምሩ።

እዚህ ጋ እኛም ተሸውደናል። በመጀመሪያ ሙከራችን ጊዜ ለመቆጠብ ብለን ቲማቲሙን ገና ካልበሰለው ቦሎቄ ጋር አንድ ላይ ጣድነው። ሦስት ሰዓት ፈልቶ ፍሬው እንደ ጠጠር ቀረ። የቲማቲም ኮምጣጣነት የቦሎቄውን መለስለስ ይከለክላል። ፍሬው ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ቲማቲም አይነካውም!

4️⃣ ቦሎቄውን ከስጎው ጋር አዋህዱ፣ አንድ ብርጭቆ የቀቀላችሁበትን ውሃ ጨምሩ፣ መጋገሪያ ላይ ገልብጡት። ያደረውን ዳቦ ፈርፍራችሁ በትንሽ ዘይት አሽታችሁ ላዩ ላይ በትኑ። ኦቨን በ180 ዲግሪ፣ 35 ደቂቃ።

🔹 ኦቨን የለንምስ?

ድፎ ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር አስታውሱ፤ ከላይ እሳት ከታች እሳት። ወፍራም ድስት ለስለስ ያለ ፍም ላይ አስቀምጡ፣ በጠፍጣፋ ብረት ክደኑ፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ ፍም አድርጉ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ብረቱን ምን አለሽ ተራ ፈልጉት። ግን ይህን የምትሠሩት ደጅ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተ ማድቤት ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ይሄ ሁሉ ካልተመቸ ድስቱን ከድናችሁ ስቶቭ ላይ በትንሽ እሳት አቆዩት። ላዩ አይደርቅም እንጂ ጣዕሙ ያው ነው።

🔹 ገበታ ላይ

እንቁላልም ቅቤም ስለሌለበት የጾም ነው። በዳቦ ወይም በሩዝ ሲበላ የሁለቱ ፕሮቲን ይደጋገፋል። በቲማቲሙ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት የቦሎቄውን አይረን እንዲጠቀም ያግዛል፤ ሻይ ግን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሻዩን ከምግቡ ትንሽ ቆይታችሁ ጠጡ። ለሕፃናት በርበሬውን ትታችሁ ፍሬውን ፍጩላቸው። የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ፤ 3 ቀን ይቆያል።

በአጭሩ፦ ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ በኃይል አፍሉ፣ ቲማቲሙን መጨረሻ ላይ።

እሁድ የሠራችሁ ፎቶ ላኩልን። እቤት ምግብ ለሚያበስለው ሰውም ሼር አድርጉት፤ በተለይ የማስጠንቀቂያዋን ክፍል።